ዳንኤል ፖሊ፦ ያልተቆጠረውን ዓሣ የቆጠረ ሰው

የጣና ልጅ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። እዚህ ቤት ስለ ሐኪም፣ ስለ መሐንዲስ፣ ስለ ጠፈር ተመራማሪ ብዙ ተጽፏል። ስለ ዓሣ ተመራማሪ ግን አንድም ክር አላገኘሁም። እኔ ባሕር ዳር በዓሣ ሥራ ላይ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ ይህን ሥራ እንዳከብረው ስላደረገኝ ሰው ልጻፍ። ዳንኤል ፖሊ ይባላል። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

በ1946 ፓሪስ ተወለደ። እናቱ ፈረንሳዊት፣ አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር ነበር። ጦርነቱ ገና ማለቁ ነው፣ ችግር ነው። ሕፃን ሳለ አንድ የስዊዘርላንድ ቤተሰብ ወሰደው። ላ ሾ ደ ፎን በምትባል በሰዓት ሥራ የምትታወቅ ከተማ ውስጥ አደገ። እንደ ልጅ ግን አላሳደጉትም። የቤት ሠራተኛ አድርገው ነው ያኖሩት። በዚያ ላይ ከተማው ሁሉ ነጭ ነው፣ እሱን የሚመስል የለም። ከመጽሐፍ ጋር ተዘግቶ ነው ልጅነቱን የገፋው።

በ17 ዓመቱ ጥሏቸው ወጣ። ጀርመን ሄዶ በቤተ ክርስቲያን ተቋም ውስጥ አካል ጉዳተኞችን እየረዳ አንድ ዓመት ሠራ። ከዚያ ቩፐርታል ከተማ ራሱን እየቻለ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰ። ኪል ዩኒቨርሲቲ የነጻ ትምህርት ዕድል አገኘ። የዓሣ ሀብት ሳይንስን ለምን መረጥክ ሲሉት መልሱ ቀላል ነው፤ ለሰው የሚጠቅም፣ እጅ ላይ የሚታይ ሥራ ስለፈለግኩ ይላል።

ለማስተርሱ ጋና ሄደ። እዚያ ሳኩሞ የሚባል ከባሕር ጋር የሚገናኝ ትንሽ የውኃ አካል አለ። ያጠናው ዓሣ የእኛው ቆሮሶ የቅርብ ዘመድ ነው። ይህን ሳነብ ደስ ያለኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም! በኋላ በዓለም ውቅያኖሶች ሁሉ ላይ የሚናገረው ሰው፣ እኛ በየቀኑ የምንመዝነውን ዓይነት ዓሣ ይዞ ነው የጀመረው።

ቀጥሎ በ1970ዎቹ አጋማሽ ኢንዶኔዥያ ሄደ። በጀርመን እርዳታ በሚካሄድ የዓሣ ሀብት ቅኝት ላይ ሠራ። መርከቧ መረቧን ስትጎትት በአንድ ጊዜ በርካታ ዓይነት ዓሣ ይወጣል። እሱ የተማረው ደግሞ የሰሜን አትላንቲክን ሳይንስ ነው። እዚያ አንድ ዓይነት ዓሣ ትይዛለህ፣ ኮድ በለው ሄሪንግ፣ ዕድሜውን ትቆጥራለህ፣ የብዙ አሥርት ዓመታት መዝገብ አለህ፣ ቀመር ውስጥ ታስገባለህ። ኢንዶኔዥያ ላይ መዝገብ የለም፣ ዕድሜ መቁጠሪያ የለም፣ የምርምር በጀትም የለም። ድሃ አስጋሪ ግን ሞልቷል።

እንግዲህ የዚህ ሰው ሥራ በሙሉ ከዚህ ይነሳል ብዬ አምናለሁ። መረጃ በሌለበት፣ ገንዘብ በሌለበት፣ ሙቅ ውኃ ባለበት ቦታ የሚሠራ ሳይንስ እንዴት ይሠራል? የሀብታም አገር መሣሪያ እስኪመጣ አልጠበቀም። ራሱ ሠራው። ዶክትሬቱን በ1979 ከኪል ያዘ፤ አማካሪው ጎትሂልፍ ሄምፐል ነበሩ። ወዲያው ማኒላ፣ ፊሊፒንስ፣ ኢክላርም የሚባል የዓሣ ምርምር ማዕከል ገባ። እስከ 1994 እዚያ ነበር። ከዚያ ካናዳ፣ ቫንኩቨር፣ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

ስለ ቀሪው ጥያቄ ካላችሁ እመጣለሁ።

ሐይቅ ወሎ፦

የጣና ልጅ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ በሐይቅ ሐይቅ ቆሮሶ ላይ ነው የምሠራው። ፊሳት የሚባለውን ሶፍትዌር ተጠቀም ተብያለሁ። የፖሊ ስም እዚያ ላይ አለ። ግን አዝራር መጫን ብቻ ነው የተማርኩት። ውስጡ ምን እንደሚሠራ በግልጽ ቋንቋ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ትችላለህ?

የጣና ልጅ፦

እችላለሁ፣ በደስታ። ይህ ነገር ብዙ ተማሪ ሳይገባው የሚያልፈው ነው።

በቀዝቃዛ አገር ዓሣ ክረምት ላይ ማደጉን ያቆማል ማለት ይቻላል። ስለዚህ በቅርፊቱና በጆሮው ድንጋይ ላይ እንደ ዛፍ ግንድ በየዓመቱ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱን ትቆጥራለህ፣ ዕድሜውን ታውቃለህ። ዕድሜ ካወቅህ ዕድገቱንም የሞቱን መጠንም ታሰላለህ። በእኛ ሙቅ ውኃ ግን ዓመቱን ሙሉ ያድጋል። ቀለበቱ አይለይም፣ ወይም ከዓመት ጋር አይገጥምም። ደግሞም ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

ፖሊ ያለው ይህ ነው። ዕድሜውን ተወው፣ ርዝመቱን ለካ። ለርዝመት የሚያስፈልገው ማስመሪያ ብቻ ነው። በየወሩ ብዙ ዓሣ ለካና በርዝመት በርዝመት መድባቸው። አንድ ወቅት ላይ አብረው የተፈለፈሉ ዓሦች በተቀራራቢ ርዝመት ላይ ተከማችተው ይታያሉ። በሚቀጥለው ወር ያ ክምችት ትንሽ ወደ ትልቁ ርዝመት ይገፋል። ወር በወር ሲገፋ የምታየው ዕድገታቸውን ነው። ሥራው እንግዲህ በአብዛኞቹ ክምችቶች ጫፍ ላይ የሚያልፈውን የዕድገት መስመር መፈለግ ነው። ዱሮ ይህ በዓይን፣ በእርሳስ ነበር የሚሠራው፤ ሁለት ሰው ሁለት መልስ ያመጣል። ፖሊና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኢሌፋን የሚባል ፕሮግራም ጻፉ። በዚያን ጊዜ በነበሩት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ላይ እንዲሠራ አድርገው ነው የጻፉት። ሴኔጋልም፣ ባንግላዴሽም፣ ፔሩም ያለ ተመራማሪ እንዲጠቀምበት ማለት ነው። ፊሳት በኋላ ከፋኦ፣ ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋር የወጣው የዚያው ልጅ ነው።

ከዚያ የሞት ስሌት ይመጣል። ትልልቆቹ ዓሦች በምን ፍጥነት እየሳሱ እንደሚሄዱ ካየህ ጠቅላላ ሞትን ታገኛለህ። ጠቅላላ ሞት ግን ሁለት ነገር ነው፤ በመረብ የሞተውና በራሱ ጊዜ፣ በበሽታ፣ በሌላ ዓሣ ተበልቶ የሞተው። ሁለቱን እንዴት ትለያለህ? እዚህ ላይ ነው የ1980 ጽሑፉ የሚመጣው። የ175 የዓሣ ክምችቶችን መረጃ ሰብስቦ፣ የተፈጥሮ ሞት ከዓሣው መጠን፣ ከዕድገት ፍጥነቱና ከውኃው ሙቀት ጋር እንደሚሄድ አሳየ። ቴርሞሜትር ካለህ ትገምታለህ ማለት ነው። ያንን ከጠቅላላው ስትቀንስ የአስጋሪው ድርሻ ይቀርሃል። የአስጋሪው ድርሻ ከጠቅላላው ሞት ከግማሽ ካለፈ ከመጠን በላይ እየተያዘ ነው የሚል የተለመደ መለኪያ አለ። አንተም ቲሲስህ ላይ ይህንኑ ነው የምትጽፈው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። በ2015 የወጣ ትልቅ ንጽጽር ዓሣው የሚደርስበት ትልቁ ዕድሜ ከታወቀ በዚያ መገመት የተሻለ ነው ብሏል። ስለዚህ የፖሊን ቀመር ስትጠቀም አማራጭ እንዳለ ጥቀስ። ፈታኝህ ይጠይቅሃል።

ቤቲ ዲሲ፦

ደስ የሚል ክር ነው። እኔ ስለ ዓሣ የማውቀው በጾም መብላት ይቻላል አይቻልም የሚለውን ክርክር ብቻ ነው። ግን ልጄ 17 ዓመቷ ነው፣ እዚሁ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች፣ የባሕር ዓሣ ሳይንስ ካልተማርኩ ብላ ቤቱን አስጨንቃዋለች። አባቷ ሕክምና ይላል። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ይህ ሥራ ያበላል ወይ? ከዶልፊን ጋር መዋኘት ነው ወይስ ምንድነው? ስለ ሰውየው ሕይወት ሳነብ ደግሞ እንባዬ መጣ። እናቱን አገኛት ወይ በኋላ?

ሰላም ከቫንኩቨር፦

ቤቲዬ፣ እናቱን አግኝቷታል፣ ጎልማሳ ከሆነ በኋላ። በ1969 ደግሞ አሜሪካ ሄዶ የአባቱን ቤተሰብ አገኘ። በጥቁሮች የመብት ትግል ዘመን ማለት ነው፣ አስቢው።

ስለ ልጅሽ ልንገርሽ። እኔ ስታቲስቲክስ ነው የተማርኩት፣ የዚህ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ጓደኞቼ ናቸው። ሥራው ዶልፊን አይደለም። ሂሳብ ነው፣ ኮምፒውተር ነው፣ ብዙ ብዙ መረጃ ማጽዳት ነው። መርከብ ላይ የሚወጡም አሉ፤ ሳምንታት ይቆያሉ፣ ሌሊት ዓሣ ይለካሉ፣ ይታመማሉ። የዓሣ ክምችት ስንት ነው፣ ስንት ቢያዝ አይጎዳም የሚለውን የሚያሰሉ ሰዎች ግን ይፈለጋሉ። እናንተ አገር ኖአ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዋናው ቀጣሪ ነው። ስለዚህ ልጅሽን አንድ ነገር ጠይቂያት፤ ሂሳብ ትወጃለሽ ወይ? እወዳለሁ ካለች አትከልክሏት። ባሕሩን ብቻ ከሆነ የወደደችው፣ መጀመሪያ አንድ ክረምት በዚህ ሥራ ላይ በጎ ፈቃደኛ ሆና ትሥራ።

አሁን ስለ ፖሊ የጣና ልጅ ያልነካውን ልጨምር። እኔ ከሁሉ የምወድለት በ1995 የጻፈውን አንድ ገጽ ነው። አንድ ገጽ ብቻ! የመነሻ መስመር መንሸራተት የሚል ሐሳብ ነው። ምን ይላል መሰላችሁ፤ እያንዳንዱ የተመራማሪ ትውልድ ሥራ ሲጀምር ያገኘውን የዓሣ ብዛት ትክክለኛው ብዛት ነው ብሎ ይቀበላል። በዕድሜው ሲቀንስ ያያል፣ ያዝናል። ጡረታ ሲወጣ የሚተካው ልጅ ደግሞ የቀነሰውን እንደ መነሻ ይይዛል። እንዲህ እያለ ትውልድ ሲቀያየር ባሕሩ ባዶ ይሆናል፣ ማንም ግን ትልቅ ነገር ጠፋ ብሎ አይጮኽም፤ እያንዳንዱ ያየው ጥቂት ነውና። ስለዚህ የዱሮ መርከበኞችን ማስታወሻ፣ የሽማግሌ አስጋሪዎችን ወሬ እንደ መረጃ ቁጠሩት አለ። በዚያ ጊዜ ብዙ ሳይንቲስት የሽማግሌ ወሬ ተረት ነው ይል ነበር።

ዛሬ ሐሳቡ ከዓሣ አልፎ ስለ ደን፣ ስለ ወፍ፣ ስለ አየር በሚጽፉ ሰዎች ሁሉ ዘንድ ገብቷል።

ጅዳ ያለሁት፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሳይንስ አላውቅም። ጅዳ ዓሣ ገበያ ውስጥ ነው የምሠራው። ናጂል የሚባል ቀይ ዓሣ አለ፣ ሳዑዲዎች ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱት። ውድ ነው። እዚህ ያሉ ሽማግሌ አስጋሪዎች የዛሬውን ናጂል ሲያዩ ይሄ እኮ ልጅ ነው ይላሉ። ወጣቶቹ ግን ትልቅ ዓሣ መጣ ብለው ይደሰታሉ። ሰላም ከቫንኩቨር የጻፍሽው ይሄው ነው ማለት ነው? አንዱን ዓሣ አንዱ ትልቅ ይላል፣ አንዱ ትንሽ።

ሰላም ከቫንኩቨር፦

ልክ እሱ ነው ወንድሜ። ከእኔ ጽሑፍ የአንተ ይበልጣል።

የምጽዋው፦

ልጆቼ፣ ይህን ክር ልጄ ላከልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ምጽዋ ነው፣ አሁን የምኖረው ስቶክሆልም ነው። ዕድሜዬ ሰባዎቹን አልፏል። ስለ ቀይ ባሕር ሳይወራ ቢቀር ቅር ይለኛልና ጥቂት ልበል።

እኛ ልጆች ሳለን ሳርዲንና አንቾቪ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ከባሕር ዳር በመረብ ይጎተት ነበር። አሸዋ ላይ ይሰጣል፣ ይደርቃል፣ ተፈጭቶ ለእንስሳት መኖ ወደ ውጭ ይላካል። ሽታው ከተማውን ይሞላው ነበር። ሁሪና ሳምቡክ የሚባሉት ጀልባዎች ወደ ዳህላክ ይወጡ ነበር፤ ከዓረብ አገር ጋር ንግዱ የደራ ነበር። በኋላ በ1967 የስዊዝ ቦይ ተዘጋ። ጦርነቱም ባሰ። አስጋሪው ወደ የመን፣ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ጀልባ ተቃጠለ፣ ሰው አለቀ። ያ ሁሉ ሥራ ጠፋ።

የምጠይቃችሁ ይህ ነው። እኚህ ፕሮፌሰር ስለ ቀይ ባሕር የሠሩት አለ? ወይስ ስለ ትልልቁ ውቅያኖስ ብቻ ነው?

የጣና ልጅ፦

አባባ፣ እንኳን ደህና መጡ። አለ፣ በደንብ አለ። እንዲያውም ዋናው ነገር እሱ ነው፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልዎት።

ነገሩ የሚጀምረው ከፋኦ መዝገብ ነው። ከ1950 ጀምሮ እያንዳንዱ አገር ስንት ቶን ዓሣ ያዝኩ ብሎ በየዓመቱ ለፋኦ ይልካል። ፋኦ ያንን ሰብስቦ ያወጣል። ዓለም ስለ ዓሣ የሚያወራው ሁሉ ከዚያ መዝገብ ነው። በ1998 ፖሊ ከቪሊ ክሪስተንሰን፣ ከራይነር ፍሮዜና ከሌሎች ጋር ሆኖ ይህንኑ መዝገብ ወሰደና አዲስ ጥያቄ ጠየቀው። ስንት ቶን ተያዘ አይደለም። የተያዘው ምን ዓይነት ዓሣ ነው? ሌላ ዓሣ የሚበላው ትልቁ ነው ወይስ ከታች ያለው ትንሹ? ከ1950 እስከ 1994 ሲያዩት የተያዘው ዓሣ አማካይ የምግብ ሰንሰለት ደረጃ በየአሥር ዓመቱ በ0.1 ያህል እየወረደ ነው። ትልልቁን ጨርሰን ወደ ታች እየወረድን ነው ማለት ነው። ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ፣ ዓለም ተንጫጫ።

በ2001 ደግሞ ከሬግ ዋትሰን ጋር ሌላ አመጣ። የዓለም ዓሣ ምርት እየጨመረ ነው ይባል ነበር። እነሱ ግን ካርታ ላይ አስቀምጠው ሲያዩት ከቻይና ባሕር የተያዘ ተብሎ የተመዘገበው መጠን ባሕሩ ሊሰጥ ከሚችለው በላይ ነው። ባለሥልጣኑ ሹመት የሚያገኘው ምርት ጨመረ ሲል ነው፤ ስለዚህ ጨመረ ይላል። ያ ሲታረም የዓለም ምርት ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እየቀነሰ ነበር። እስቲ አስቡት። አንድ አገር በወረቀት ላይ የጨመረው ቁጥር የዓለምን ዓሣ መቀነስ ሸፍኖት ኖሯል።

ቻይና ጋ ቁጥሩ ተጋነነ። ሌሎች ብዙ አገሮች ጋ ግን ተቃራኒው ነው፣ አባባ። በትንሽ ጀልባ የሚያዘው አይመዘገብም። ሴቶች በእግራቸው ከባሕር ዳር የሚለቅሙት አይመዘገብም። ለቤት የሚበላው አይመዘገብም። ትልልቅ መርከቦች አይጠቅምም ብለው ሞቶ የሚጥሉት አይመዘገብም። በስርቆት የሚያዘውማ ይቅር። መረጃ የለም ተብሎ ባዶ የተተወው ሣጥን መደመሪያ ላይ ዜሮ ሆኖ ይገባል። ፖሊ በዚህ ነገር ይናደዳል። መረጃ የለም ማለት ዓሣ የለም ማለት አይደለም፤ ዜሮ ከመጻፍ በጥናት የተደገፈ ግምት መጻፍ ይሻላል ይላል። ለእኔ ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ዜሮ የተጻፈበት አስጋሪ በጀት ሲመደብ የለም፣ ውል ሲፈረም የለም። ለውጭ መርከብ ፈቃድ ሲሸጥም ማንም አያስታውሰውም።

ስለዚህ በ1999 የጀመሩት የዙሪያችን ባሕር የሚባል ፕሮጀክት እያንዳንዱን አገር ከ1950 ጀምሮ እንደገና ቆጠረ። በየአገሩ ያሉ ወደ 400 የሚሆኑ ሰዎች ተሳተፉ። የድሮ የጉምሩክ ወረቀት፣ የሕዝብ ቁጥር፣ ሰው ምን ያህል ዓሣ ይበላል የሚል ጥናት፣ ሁሉን አገላበጡ። ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ውጤቱ ፖሊና ዲርክ ዜለር በ2016 ያወጡት ነው። ፋኦ ምርቱ በ1996 ጣሪያ ሲነካ 86 ሚሊዮን ቶን ነበር ይላል። እነሱ 130 ሚሊዮን ቶን ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ እስከ 2010 በዓመት ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ እየቀነሰ ነበር አሉ።

አሁን ወደ ምጽዋ። በፋኦ መዝገብ እስከ 1993 ድረስ ከኤርትራ ባሕር የተያዘው ዓሣ የኢትዮጵያ ተብሎ ነው የተጻፈው። የኤርትራን ድርሻ ከ1950 ጀምሮ ለይቶ መሥራት አስፈለገ። ይህን የሠራው ዳዊት ተስፋሚካኤል የሚባል ኤርትራዊ ተመራማሪ ነው። ዶክትሬቱን እዚያው ቫንኩቨር ነው የያዘው። ከፖሊ ጋር ሆነው በ2016 ስለ ቀይ ባሕር ዓሣ ሀብት አንድ ሙሉ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። እርስዎ ያሉት የሳርዲን ሥራ፣ የጦርነቱ ጊዜ መውደቅ፣ ከነጻነት በኋላ የመጣው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

ዳዊት ሌላም ነገር ሠርቷል። በሱዳን፣ በኤርትራና በየመን በመቶዎች የሚቆጠሩ አስጋሪዎችን ጠየቀ። ሥራ ስትጀምር በአንድ ጉዞ ስንት ትይዝ ነበር? ከሁሉ የበዛልህ መቼ ነበር? ዛሬስ? መልሱን በዓመት በዓመት ሲያስቀምጠው ማንም መዝገብ ያልያዘበት የግማሽ ምዕት ዓመት ታሪክ ወጣ። ቁልቁል የሚሄድ መስመር ነው። ጅዳ ያለሁት የጻፈው የሽማግሌዎቹ ቃል እንዲህ ሲሰበሰብ ሳይንስ ይሆናል።

የምጽዋው፦

የጣና ልጅ፣ ተባረክ። እኔ ያየሁት ተጽፎ አለ ማለት ነው። አንድ ልጨምር፤ በዚያ ሥራ ላይ የነበሩት አፋሮች፣ የዳህላክ ሰዎችና ከየመን የሚመጡ ነበሩ። ስማቸው በመንግሥት ወረቀት ላይ የለም። ስለዚህ ያ ዜሮ ያልከው በጣም ገብቶኛል።

ዮናስ፦

ጥሩ ክር ነው፣ ግን አንድ ወገን ብቻ እየተነገረ ነው። ፖሊ ብዙ ተቃዋሚ አለው፤ ተራ ሰዎችም አይደሉም። ሲያትል የሚገኘው የዓሣ ሀብት ሳይንቲስት ሬይ ሂልቦርን አለ። የሱ ክርክር እንዲህ ነው። የተያዘ ዓሣ መጠን ባሕር ውስጥ ያለውን ዓሣ አይነግርህም። መንግሥት ኮታ ከቀነሰ የተያዘው ይቀንሳል፤ ያ ማለት ዓሣው አለቀ ማለት ሳይሆን ተጠበቀ ማለት ነው። ስለዚህ ከተያዘው ተነስቶ ባሕሩ እየሞተ ነው ማለት ስህተት ነው። በ2010 ደግሞ ትሬቨር ብራንችና ሌሎች ያ የምግብ ሰንሰለት ደረጃ መለኪያ የባሕሩን ሁኔታ በትክክል እንደማያሳይ በኔቸር መጽሔት አሳይተዋል። አሜሪካን ብታዩ በጥሩ አስተዳደር ተመልሰው የበዙ የዓሣ ክምችቶች አሉ። ሁሉም ነገር ጨለማ ነው የሚለው ወሬ ሰውን ተስፋ ያስቆርጣል።

ሰላም ከቫንኩቨር፦

ዮናስ ያነሳኸው ትክክለኛ ነጥብ ነው፣ መነሳትም አለበት። ኔቸር በ2013 ፖሊን በአንድ ወገን፣ ሂልቦርንንና ብራንችን በሌላ ወገን አድርጎ የተያዘው ዓሣ ያለውን ያሳያል ወይ በሚለው ላይ አከራክሯቸዋል። እኔ ሁለቱንም አንብቤ የደረስኩበትን ልንገርህ።

አላስካ ላይ ሂልቦርን ልክ ነው። እዚያ በየዓመቱ የምርምር መርከብ ወጥቶ ዓሣውን ይቆጥራል። የተያዘውን ማየት አያስፈልግህም፣ ያለውን ታውቃለህ። ግን ሴራሊዮን ላይ ምን አለህ? ምጽዋ ላይ ምን አለህ? የተያዘው ብቻ ነው ያለህ፣ እሱም ግማሽ። የፖሊ መልስ ይህ ነው፤ አብዛኛው የዓለም አስጋሪ የሚኖረው ጥናት በሌለበት ነው፣ ስለዚህ ያለውን መረጃ አትጣሉብኝ። ሂልቦርን የሚያወራው ስለሚቆጠረው ባሕር ነው። ፖሊ ስለማይቆጠረው። በ2016ቱ ጥናት የታየው ቅናሽም በኮታ ብቻ የመጣ አይደለም ይላሉ ፖሊና ዜለር፤ ኮታ ያላቸውን አገሮች አውጥተው ሲያዩትም መቀነሱ አልቀረም።

ተስፋ ያስቆርጣል ላልከው ግን አልስማማም። ሰውየው መፍትሔ ይናገራል። መንግሥታት ለትልልቅ መርከቦች የሚሰጡትን የነዳጅ ድጎማ ያቁሙ ይላል፤ ያለ ድጎማ ብዙዎቹ ሩቅ ባሕር መሄድ አያዋጣቸውም። በዚህ ላይ ናይጄሪያ የተወለደው ኢኮኖሚስት ራሺድ ሱማይላ አብሮት ለዓመታት ሠርቷል። በ2022 የዓለም ንግድ ድርጅት ስለ ዓሣ ድጎማ ስምምነት ላይ ደረሰ። በ2023 ሁለቱ የታይለርን ሽልማት አብረው ወሰዱ። በዓለም የአካባቢ ሳይንስ ውስጥ ከትልልቆቹ አንዱ ነው።

ግን አንተ ያላነሳኸው አንድ ሌላ ክርክር አለ፣ እኔ ራሴ ያልቆረጥኩበት። ዓሣ ለምን እስከዚህ ብቻ ያድጋል የሚለው። ፖሊ መልሱ ስንጥቡ፣ ማለትም ዓሣው ውኃ ውስጥ የሚተነፍስበት አካል ነው ይላል። አካሉ በሦስት አቅጣጫ ያድጋል፣ ስንጥቡ ግን እንደ ጨርቅ በስፋት ብቻ የሚያድግ ገጽ ስለሆነ እኩል አይከተለውም። ዓሣው በተለቀ ቁጥር ለእያንዳንዱ ግራም ሥጋው የሚደርሰው ኦክስጅን ይቀንሳል። ውኃው ሲሞቅ ደግሞ ኦክስጅን ያንሳል፣ የዓሣው ፍላጎት ይጨምራል። ስለዚህ በአየር ንብረት ለውጥ ዓሣ ያንሳል። ከዊሊያም ቺዩንግ ጋር በ2013 ባወጡት ስሌት እስከ 2050 የዓሦች አማካይ ክብደት ከ14 እስከ 24 በመቶ ሊቀንስ ይችላል ተብሏል። የዓሣ አካል አሠራርን የሚያጠኑ ሰዎች ግን አይቀበሉም። ስንጥብ እንደ ፍላጎቱ ሊያድግ ይችላል፣ የሚገድበው ነገር የለም ይላሉ። ክርክሩ አሁንም የጦፈ ነው።

ዮናስ፦

ስለ ሴራሊዮኑ ያልሽው ይገባኛል፣ እቀበላለሁ። የሁለቱ መረጃ የመጣበት ቦታ የተለያየ ነው። ግን የ130 ሚሊዮን ቶኑ ግምት ሰፊ ስህተት ሊኖረው እንደሚችል ሲነገር መስማት እፈልጋለሁ። ግምት ግምት ነው።

የጣና ልጅ፦

ዮናስ፣ ይህ እውነት ነው፣ እነሱም የስህተቱን ስፋት አብረው ነው ያወጡት።

አንድ ሰው በውስጥ መስመር ባሕር የሌላት አገር ይህ ምን ይሠራላታል ብሎ ጠይቆኛል። ጣናን ልንገራችሁ። በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ የምንላቸው ባርበሶች አሉ፣ ተመራማሪዎች 15 ያህል ዝርያ ለይተዋል። አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ቦታ የሉም። ዱሮ ነገደ ወይጦ የምንላቸው የሐይቁ ዳር ሰዎች በደንገል ታንኳ ነበር የሚያሰግሩት። በ1986 ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ከነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት መውጫ ላይ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። አስጋሪው ደግሞ ልክ በዚያን ጊዜ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ይዘረጋል። እንቁላል የያዘችውን እናት ነው የሚይዘው። በ1990ዎቹ ውስጥ ብቻ በጣም ቀንሰዋል። ይህን ያወቅነው ያኔ የለኩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ባይለኩ ኖሮ ዛሬ ሥራ የጀመረ ልጅ ጣና ድሮም ቆሮሶና አምባዛ ብቻ ነበረው ይል ነበር።

ሌላም አለ። ፊሽቤዝ የሚባለውን ድረ ገጽ ክፈቱ። ፖሊና ፍሮዜ ማኒላ ሳሉ የጀመሩት ነው፤ ያኔ በሲዲ ይላክ ነበር። አሁን ከ35,000 በላይ የዓሣ ዝርያ አለበት። የጣና ባርበሶችም እዚያ አሉ፣ በነጻ። ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተማርን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

ቤቲ ዲሲ፦

ልጄ ይህን ሁሉ ተርጎሜላት ሰማች። ሂሳብ ትወጃለሽ ወይ አልኳት። ካልኩለስ የምወስደው ለምን ይመስልሻል አለችኝ! አባቷም ዝም ብሎ አዳመጠ። ክረምት ላይ በጎ ፈቃደኛ የሚቀበል ቦታ እንፈልጋለን። ሰላምዬ በውስጥ እጽፍልሻለሁ።

ሐይቅ ወሎ፦

የጣና ልጅ፣ የመጨረሻ ጥያቄ። ለመለካት የምጠቀመው አስጋሪዎቹ ያመጡትን ዓሣ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት መረብ ነው ያላቸው። ይሆናል?

የጣና ልጅ፦

አይሆንም፣ በዚህ ላይ ጠንቀቅ በል። አንድ የመረብ ዓይን አንድ መጠን ያለውን ዓሣ ነው የሚይዘው። ትንሹ ሾልኮ ያልፋል፣ ትልቁ አይገባበትም። ስለዚህ በየወሩ የምታየው ክምችት የዓሣው ሳይሆን የመረቡ ነው። አይገፋም፣ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ፕሮግራሙም የሆነ መልስ ይሰጥሃል፣ መልሱ ግን ትርጉም የለውም። ከመምሪያህ የተለያየ ዓይን ያላቸውን የሙከራ መረቦች ጠይቅ፣ ካልተገኘ ከዳር የሚጎተት መረብ ጨምር፤ ትንንሾቹ እዚያ ይገኛሉ። በየወሩ በተመሳሳይ ሰሞን ለካ። ጠቅላላ ርዝመት ከሆነ የምትለካው እስከ መጨረሻው ጠቅላላ ይሁን፣ አትቀላቅል። የጥሬውን ወረቀት ፎቶ አንስተህ አስቀምጥ። ከጨረስክ በኋላ ለመምሪያህም አንድ ቅጂ ስጥ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣው ልጅ ይፈልገዋል።